የሳሎናችን «ጥንታዊ» ዕቃ፦ ከአንኮበርና ከአልዩ አምባ ምን እንማር?



ዘንድሮ ጎጆ የወጣ ወጣት ቤት ስንገባ ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ግድግዳው ላይ ጎራዴ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ የማይዘፍን ግራሞፎን ተቀምጧል። ሆን ተብሎ የጠቆረ የነሐስ ማንቆርቆሪያ፣ ባለቀለም የቱርክ ፋኖስ፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ አንድ ሁለት ጠገራ ብር። የኤርቱግሩልን ተከታታይ ድራማ የጨረሰ ወንድማችን ቤት ከሆነ የካዪዎቹ ምልክት ያለበት ጋሻም አይጠፋም። ይህ ደግሞ ለቴሌቪዥን ሲባል የተሠራ ዕቃ ቅጂ ስለሆነ የቅጂ ቅጂ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ሽማግሌ ገብተው ይህን ሁሉ ቢያዩ «ይሄማ ፎርጅድ ነው» ብለው ይስቁ ይሆናል። እኛ ግን ዛሬ ለቅጂው ጠበቃ ልንቆምለት ነው። ጠበቃ የምንቆመው ደግሞ በዘፈቀደ ሳይሆን በሰሜን ሸዋ ታሪክ ላይ ተመርኩዘን ነው። ቅጂ ውሸት የሚሆነው መቼ ነው? ቅርስ የሚያድነውስ መቼ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን በየመንደሩ ሣጥን ውስጥ ያሉ የአያቶቻችን ኪታቦች ዕጣ ከመልሱ ጋር የተያያዘ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ጠገራ ብሩም ቅጂ ነው

ከመደርደሪያው እንጀምር። ጠገራ ብሩን አንሡና ዓመቱን አንብቡ፤ 1780 ይላል። ብዙዎቻችን ይህን አይተን «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ዕቃ ነው» ብለን እንኮራለን።

እውነታው እንዲህ ነው። ምስሏ የተቀረጸው ማሪያ ቴሬዛ ኦስትሪያን የገዛች ንግሥት ነበረች፤ የሞተችውም በ1780 ነው። በስሟ የሚመታው ብር በቀይ ባሕር ዙሪያ ባሉ ነጋዴዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ስለነበር ከሞተች በኋላም መመታቱ ቀጠለ፤ ዓመቱ ግን እንዳለ ተተወ። በ1850 ይመታ በ1950፣ ፊቱ ላይ የሚነበበው ያው 1780 ነው። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጠገራ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬም ቪየና ያለው የኦስትሪያ ሳንቲም መምቻ ቤት ይሠራዋል።

ዓመቱን ለምን አልቀየሩትም? የእኛ አገርና የዐረብ ነጋዴዎች ስለማይቀበሉ ነው። ገበያተኛው የንግሥቲቱን የጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ጽሕፈት በጣቱ ይዳስሳል፣ ምልክቱ የጎደለውን ወይም የደበዘዘውን ይመልሳል። አፄ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር ፓሪስ ላይ ቢያስመቱም ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም። በሕግ ከገንዘብነት የተሰናበተው በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ መራራ ምዕራፍ አለ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ አገሬው የሚያምነው ገንዘብ ጠገራ ብር መሆኑን ስላወቀ በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ያስመታ ጀመር። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ለንደንና ቦምቤይ ላይ፣ ሌሎችም ፓሪስና ብራስልስ ላይ መቱ። ስለዚህ «የአያቶቼ ብር» ብለን ያስቀመጥነው ጠገራ ለወረራው ሥራ ማስኬጃ የተመታ ሊሆን ይችላል። ዓመቱ ብቻውን ታሪኩን አይነግረንም።

ሆኖም አባቶቻችን ይህን ብር የተቀበሉት ተታለው አልነበረም። በየጊዜው የሚመታው ጠገራ ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ቅጂ ቢሆንም ሚዛኑን አላጎደለም። ገበያ ውስጥ «ፎርጅድ» ተብሎ የሚጣለው የብር ቅብ የተቀባው ቀላል ብረት ነበር። ይህን ልዩነት ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

2. ወደ አንኮበር የወጡት ብርቅ ዕቃዎች

ቤትን በሩቅ አገር ዕቃ ማስጌጥ የዛሬ ወጣት የፈጠረው ነገር አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን አንኮበር ስንደርስ የዚህ ልማድ ትልቅ ምሳሌ እናገኛለን።

ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫቸው አንኮበር ነበር። በ1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ከሕንድ የተላከ ልዑክ እየመራ ከታጁራ በአፋር በረሃ አቋርጦ መጣ። የጫነው ስጦታ ብዙ ነበር። አዳራሹን ሙሉ የሚሸፍን የብራስልስ ምንጣፍ፣ የካሽሚር ሻል፣ የዴልሂ ጥልፍ፣ ዜማ የሚያሰሙ ሰዓቶች፣ የሚደንሱ የቻይና አሻንጉሊቶች። ከእነዚህ ጋር ሦስት መቶ ጠመንጃም ነበረበት። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በንጉሡና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ።

የሚያስደንቀው ዕቃ ብቻውን እንዳልመጣ ልብ በሉ። ምንጣፉና አሻንጉሊቱ ልብ ከፈቱ፣ ጠመንጃው ክብደት ሰጠ፣ ወረቀቱ በመጨረሻ መጣ። ሳሎን ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የላኪውን ፍላጎት ይዞ ይገባል። የቱርክ ፋኖስም ሆነ የፈረንጅ ግራሞፎን ዛሬም እንዲሁ ነው።

ንጉሡ ግን ዕቃውን አይተው ከመደነቅ አላለፉም ማለት አይደለም። የጎበኟቸው ሰዎች እንደጻፉት በግቢያቸው ውስጥ ብረት ቀጥቃጮች፣ ብር አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና ጠመንጃ ጠጋኞች ይሠሩ ነበር፤ ንጉሡም እየዞሩ ሥራቸውን ይመለከቱ ነበር። ያማረ ዕቃ ሲመጣ የሚሠራውን እጅ መፈለግ የዚያ ቤት ልማድ ነበር።

ከሃሪስ ልዑክ ጋር ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊም መጥቶ ነበር። የአፋርን ቆላና የሸዋን ደጋ ሥሎ በ1852 በመጽሐፍ አሳትሟል። ያኔ ፎቶግራፍ ወደዚህ አገር ገና አልደረሰም። ዛሬ የዚያን ዘመን አንኮበር መልክ ለማየት የሚፈልግ ሰው በእጁ የሚገባው የእነዚህ ሥዕሎች ኅትመት፣ ማለትም ቅጂ ነው። ቅጂው ባይኖር ኖሮ የምናየው ነገር ባልኖረ።

3. አልዩ አምባ፦ በሩ የማን ነበር?

እነዚህ ሁሉ ዕቃዎች አንኮበር የደረሱት በማን በኩል ነው? እዚህ ላይ የእኛ ታሪክ ይመጣል።

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወረድ አልዩ አምባ የምትባል ከተማ ትገኛለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ንግድ የምሥራቅ በር እሷ ነበረች። ነዋሪዋ በአብዛኛው ሙስሊም ነበር፤ አርጎባው፣ የአፋሩ ቅፍለኛ፣ ከሐረር የመጣው ነጋዴ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ከባሕሩ ጠረፍ ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃና ብረታ ብረት ይመጣል፤ ከደጋው እህልና ሌላውም ይወርዳል። ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1842 እዚያው አልዩ አምባ ተቀምጦ የከተማዋን ኑሮ በሰፊው ጽፏል።

በዚያን ጊዜ የይፋትን ጠረፍ የሚጠብቁት አበጋዝ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። የወላስማ ስም ወደ ኋላ ብዙ ይስበናል፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የይፋትን ሱልጣኔት የመሠረተውና የገዛው ቤት መጠሪያ ነው። ሃሪስም ሆነ ሌላው እንግዳ በእሳቸው እጅ ሳያልፍ ወደ ንጉሡ አይወጣም ነበር። የአንኮበር ብርቅ ዕቃ ሁሉ በሙስሊሙ ግመል ተጭኖ፣ በሙስሊሙ በር አልፎ የገባ ነው።

ቡናም አንድ ምሳሌ ነው። ዛሬ በየሆቴሉ በረከቦቱና በጀበናው የሚሰቀለው «ባህላዊ ጥግ» የሁላችንም መለያ ሆኗል። በዚያ ዘመን ግን ቡና የሙስሊም መጠጥ ተብሎ በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ የተከለከለ ነበር። አልዩ አምባ ላይ ሲጠጣ የነበረው ቡና ነው ኋላ የአገር ሁሉ የሆነው። ጀበናውን በጌጥነት ስናስቀምጥ ይህን ብናውቅ ለልጆቻችን የምንነግረው ነገር ይኖረናል።

ታሪክን ስናወራ ግን የሚያኮራውን ብቻ መርጠን አናወራም። ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በሚባለው ስፍራ የባሪያ ገበያ ነበር። ጨውና ጨርቅ በሚሸጥበት መንገድ ሰውም ይሸጥ ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሰንሰለት ወይም እግር ብረት እንደ ማንኛውም ጌጥ ሳሎን ላይ የሚሰቅል ሰው ቢኖር ቆም ብሎ ያስብ። ያለፈ ነገር ሁሉ ለጌጥ አይሆንም።

4. ቤተ መንግሥቱም አምሳያ አለው፤ ሚንበሩም

አንኮበር ኮረብታ ላይ ዛሬ የምናየው አዳራሽ የጥንቱ ቤተ መንግሥት አይደለም። ከጥንቱ የቀረው ጥቂት የግንብ ቅሪት ነው። በቦታው ላይ የቆመው የአንኮበር ቤተ መንግሥት ሎጅ የጥንቱን አምሳያ ተከትሎ በእኛ ዘመን የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ይህን አውቀን ከወጣን ምንም አይጎዳንም፤ አዳራሹ ውስጥ ቆመን ከታች የተዘረጋውን የይፋት ቆላ ስናይ ነገሥታቱ ለምን ያንን ኮረብታ እንደመረጡ ይገባናል። ሳናውቅ ከወጣንና «ምኒልክ እዚህ ወለል ላይ ተራምደዋል» ብለን ፎቶ ከለጠፍን ግን ቅጂው ወደ ውሸት ተቀየረ። ሕንፃው ያው ነው፤ የተለወጠው የእኛ አነጋገር ነው።

ከዓለም ታሪክ ደግሞ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ኑረዲን ዘንኪ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ለአል አቅሷ መስጂድ የሚሆን ሚንበር ሐለብ ላይ አሠሩ። ሰላሑዲን ኢየሩሳሌምን በ1187 ካስመለሱ በኋላ ሚንበሩ በቦታው ቆመ። ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ ነሐሴ 1969 በተለኮሰ እሳት ተቃጠለ።

እንደገና ለመሥራት ሲታሰብ ትልቅ ችግር ገጠመ። ያ ሚንበር ያለ ሚስማርና ያለ ሙጫ፣ እንጨቱ እርስ በርሱ እየተሰካካ የተሠራ ነበር። ያንን ጥበብ የሚያውቅ እጅ ጠፍቶ ነበር። ከአሮጌ ፎቶግራፎችና ከተረፉት ስብርባሪዎች ተነሥተው ስሌቱን ማግኘት ነበረባቸው። ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ዮርዳኖስ ውስጥ ሠርተውት በ2007 ወደ መስጂዱ ገባ።

ዛሬ አል አቅሷ ውስጥ ያለው ሚንበር ቅጂ ነው። ግን ማን «ፎርጅድ» ሊለው ይደፍራል? ቅጂውን ለመሥራት ሲሉ የሞተ ሙያ ነፍስ ዘሩበት። የጥሩ ቅጂ ምልክቱ ይህ ነው፤ ከኋላው የሚሠራ እጅ አለ፣ ያ እጅም ነገ ሌላ ይሠራል።

5. «ኦሪጅናል ብቻ!» የሚል ሀብታም የሚያደርሰው ጉዳት

አሁን ወደ አሳሳቢው ነገር እንምጣ። ቅጂን የሚንቅ፣ «እኔ ቤት ኦሪጅናል እንጂ ሌላ አይገባም» የሚል ሰው አለ። ይህ ሰው ብር ይዞ ሲወጣ የሚያገኘው ከሁለት አንዱን ነው።

አንደኛው፣ ይታለላል። አዲስ ወረቀት በሻይ ተነክሮ ያረጃል። ቆዳ በጭስ ይጠቁራል። ነሐስ በአሲድ ይዝጋል። የአምስት ወር ዕቃ የአምስት መቶ ዓመት ታሪክ ይለጠፍበታል። ብር ቅቡ ቀላል ብረት ማለት ይህ ነው፤ ያልሆነውን ነኝ የሚል።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ እውነተኛውን ያገኛል። በሰሜን ሸዋና በወሎ ገጠር በየቤቱና በየመስጂዱ ዑለማዎቻችን በእጃቸው የገለበጧቸው ሙስሐፎችና ኪታቦች አሉ። ኅዳጉ ላይ የደረሳው ማስታወሻ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ የጻፈው ሰው ስምና ዘመን፣ አንዳንዴም የቤተሰቡ የልደትና የሞት መዝገብ ይገኛል። አንዱ ቅጠል ተገንጥሎ በመስታወት ውስጥ ሲሰቀል ሳሎኑ ያምራል። የቀረው ኪታብ ግን ጎደሎ ሆነ፤ ስሙ የተጻፈበት ገጽ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ቤተሰቡ የራሱን መዝገብ አጣ።

ድንጋዩም እንዲሁ ነው። ፍራንሷ ዣቪየ ፎቬልና በርትራንድ ሂርሽ የሚባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪዎች ከ2000ዎቹ ጀምሮ በይፋት ተረተር ላይ አስበሪ፣ መሳልና ኖራ የተባሉ የፈረሱ የሙስሊም ከተሞችን አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል። መስጂዶች፣ የድንጋይ ቤቶች፣ በዐረብኛ የተጻፈባቸው የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። የይፋት ሱልጣኔት ታሪክ ቀደም ሲል በአብዛኛው የሚታወቀው ከግብፅ ጸሐፊዎችና ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል ነበር። አሁን መሬቱ ራሱ መናገር ጀምሯል። የተጻፈበት ድንጋይ ከቦታው ከተነሣ ግን ምስክርነቱ ያበቃል። ከማን አጠገብ ነበር? ወደ የትኛው መስጂድ ይመለከት ነበር? ማንም አይመልስም። ደግሞስ የሟች መቃብር ላይ የቆመ ድንጋይ እንዴት የቡና ጠረጴዛ ይሆናል?

ሕጉም ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ቅርስ በግለሰብ እጅ መኖሩን አይከለክልም፤ ባለቤቱ ግን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት። ቅርስን በንግድ ከአገር ማስወጣት ወንጀል ነው።

6. እንግዲህ ምን እንስቀል?

ቤታችሁን አስጊጡ፤ ግን እንዲህ ብታደርጉ እንላለን።

አንደኛ፣ የራሳችንን ቅጂ እናስቀድም። የሌላ አገር ፋኖስ ጠላታችን አይደለም። ነገር ግን የኖራ መስጂድ ፍርስራሽ ጥሩ ፎቶግራፍ፣ የበርናትዝ የሸዋ ሥዕል ኅትመት፣ ወይም ከአያታችሁ ሙስሐፍ የአንዱ ገጽ ጥራት ያለው ፎቶ በፍሬም ሆኖ ቢሰቀል እንግዳ ሲጠይቅ የምትመልሱት አላችሁ። ዋናው ኪታብ በሣጥኑ፣ ቅጂው በግድግዳው። ፎቶውን ስታነሡ ሙሉውን ኪታብ ገጽ በገጽ አንሡት፤ ለጌጥ የተጀመረው ሥራ መዝገብ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የሚሠራ እጅ ያለበትን ቅጂ እንግዛ። አልዩ አምባ ዛሬም የአርጎባ ሸማኔ ያለባት ከተማ ናት። ደብረ ብርሃንና መንዝ ከበግ ፀጉር የሚሠራ ባናና ምንጣፍ አላቸው። የድሮ ጥለት አሳይታችሁ «ይህን ሥራልኝ» ብትሉት ሸማኔው አሮጌውን ጥለት እንደገና ይማረዋል፤ ልጁም አጠገቡ ተቀምጦ ያያል። በፋብሪካ ታትሞ በኮንቴነር የመጣ «ጥንታዊ» ጨርቅ ይህን አያደርግም።

ሦስተኛ፣ የሐረርን ቤት እንመልከት። በሐረሪ ባህላዊ ቤት ግድግዳው በሰፌድ፣ በሳህንና በእንጨት ገበታ የተሸፈነ ነው፤ ለኪታብና ለዕቃ ማስቀመጫ የሚሆኑ መስኮት መሰል ክፍተቶችም ግድግዳው ውስጥ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ዕቃ ቦታና ስም አለው፤ የሠራችው ሴት ትታወቃለች። እዚያው ሐረር ውስጥ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የሰበሰቧቸው ሙስሐፎች፣ ሳንቲሞችና ዕቃዎች ዛሬ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሙዚየም ሆነዋል። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ የጀመረው ነገር ለከተማ ተረፈ።

አራተኛ፣ ከዕቃው ጀርባ እንጻፍበት። ትንሽ ወረቀት ይበቃል፦ ምንድን ነው፣ የምን ቅጂ ነው፣ ዋናው የት ይገኛል፣ ማን ሠራው፣ መቼ ተገዛ። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ የልጅ ልጃችሁ ጎራዴውን ሲያወርድ «ቅድመ አያቴ ዘምቶበታል» ብሎ እንዳይዋሽ ያድነዋል። ስሙ የተጻፈበት ቅጂ ማንንም አያታልልም፤ ስሙ ያልተጻፈበት እውነተኛ ቅርስ ግን አንድ ቀን ከተራ ቁራሽ ጋር ይጣላል።

አባቶቻችን ጠገራውን በመዳፋቸው መዝነው፣ ጠርዙን ዳስሰው ነበር የሚቀበሉት። 1780 ብሎ እንደሚዋሽ ማን ነግሯቸው፤ ሚዛኑ ግን አልዋሻቸውም። እኛም ዕቃ ወደ ቤታችን ስናስገባ በዚያው ሚዛን እንመዝነው፦ ነኝ የሚለውን ነው ወይ? ለሠራው ሰው እንጀራ ይሆናል ወይ? ዋናውን በቦታው ያቆየዋል ወይ?

በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ወይም የአያቶቻችሁ ቤት ያለ አሮጌ ኪታብ ካለ ከሣጥኑ አውጡት፣ አቧራውን በቀስታ አራግፉ፣ የመጨረሻውን ገጽ አንብቡ ወይም ለሚያነብላችሁ ሸይኽ አሳዩ። የጻፈው ሰው ስም እዚያ ሊኖር ይችላል።

ወሏሁ አዕለም።